ሮቤል መኪናውን ሲያንኳኳ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው፣ የልጅ ልጆቼ። ከባቱ ስልክ ተደውሎ «ጋሽ ሮቤል አረፉ» የተባልኩ ቀን፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። ትንሿ ጠጋ አለችና «አያቴ፣ ያ መኪናውን የሚያንኳኳው ሰውዬ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ እሱ ነው አልኳት። «ለምን ነበር ግን የሚያንኳኳው?» አለች። ያን ቀን እኔም አላውቀውም ነበር። አሁን ከለቅሶው ተመልሻለሁ፤ ልቤም ረጋ ብሏል፤ እንግዲህ ልንገራችሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩ ሰው አይደለሁም፤ ያለችኝ ፊደል የመሠረተ ትምህርት ፊደል ናት። እንደ ወሬ አድርጌ፣ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነውና የምጽፈው ታገሱኝ።

ሮቤል የኛ አገር ሰው አልነበረም። ስሙም ሩበን ነበር፤ ሮቤል ያለው ሰፈሩ ነው፤ እሱም አልተከራከረም። ረዘም ያለ፣ መልኩ ከኛ የማይለይ፣ ፀጉሩን ጎንጉኖ ትልቅ የሹራብ ቆብ ውስጥ የሚከት ሰው ነው። በወጣትነቱ ከባሕር ማዶ ሻሸመኔ መጣ፤ ከዚያ ጫልቱ የምትባል የባቱ ልጅ አገባና ባቱ ቀረ። ሐይቁ ዳር የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ይጠግን ነበር። «ጃማይካው» ይለዋል ያገኘው ሁሉ።

«እማማ የሺ፣ እኔ ከጃማይካ አይደለሁም። የኔ ደሴት ትንሽ ናት» ይለኛል።

«ምን ታህላለች?»

«ከዝዋይ ሐይቅ ትበልጣለች» ይልና ይስቃል።

ዝም ሲል ሐበሻ ነው፤ አፉን ሲከፍት ፈረንጅ። ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ኖሮ ወረቀቱ ላይ የውጭ ዜጋ እንደተባለ ነው የሞተው።

እኔ ዘንድ ያመጣው መኪና ፍለጋ ነው። አዳማ፣ ግቢዬ ውስጥ የማከራያት አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ለጥቂት ሳምንት ብሎ ገባባት። ለሌላው ሰው መኪና መግዛት የአንድ ሁለት ቀን ወሬ ነው፤ ለእሱ ግን ባንኩ የመኖሪያ ወረቀትህን አምጣ ይለዋል፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጡት የባንኩን አምጣ ይሉታል። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ ሮቤል ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ አመሻሹ ላይ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ገንዘቡ የአባቱ መሬት ነው፤ ደሴቷ ላይ የነበረችውን ቁራሽ መሬት ሸጦ ያስመጣው። ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን አዘንኩለትና «ያገለገለ ግዛ እንጂ ሮቤልዬ! ስንት ደህና ደህና መኪና በእጅ ይሸጣል» አልኩት።

«አይሆንም እማማ። አዲስ ነው የምፈልገው። ሰው ያልሞተበት።»

ቀና ብዬ አየሁት። አልቀለደም። የዚያን ለት ነው የነገረኝ። ጫልቱ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ምጥ ጠናባትና ከባቱ ወደ አዳማ ሐኪም ቤት ይዟት ሲመጣ፣ አሮጌ መኪናው መቂን አለፍ እንዳለ ቀጥ ብላ ቆመች። እሱ ሞተሩን ከፍቶ ይታገላል። ጫልቱ ከኋላ ወንበር ላይ ናት፤ ትልቋ ልጃቸው ሚርያም፣ ያኔ ገና ጥርሷ ያልተነቀለ፣ የእናቷን እጅ ይዛለች። መኪናዋ ስትነሳ ጫልቱ አልነበረችም፤ የሆዷም ልጅ አልነበረም።

«እኔ ሞተሩን ነበር የማየው እማማ» አለኝ። «ሞተሩን። እሷን አላየኋትም።»

አሁን ደግሞ ያች ሚርያም አድጋ፣ ባል አግብታ፣ ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሞቹ እንደ እናትሽ ነው ሰውነትሽ፣ ባቱ እንዳትወልጂ፣ አዳማ ነው መውለድ ያለብሽ ብለዋታል። «ታዲያ አምጣትና እኔ ጋ ትክረም» ስለው፣ የምትሠራበት የአበባ እርሻ ፈቃድ የሚሰጣት ወሯ ሲገባ ነው፤ ምጥ ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም አለኝ። የሰው መኪና አያምንም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወሯ ሳይገባ፣ መንገድ ላይ የማትቆም አዲስ መኪና ደጇ ላይ መድረስ አለባት።

በዚያን ጊዜ አዲስ መኪና እንደ ልብ አይገኝም። በዋናው አስፋልት ላይ አንድ ባለ መስታወት መሸጫ አለ፤ ባለቤቱ አቶ ፈይሳ ይባላል። እሱ ጋ አንዲት ነጭ፣ ከፍ ያለች መኪና ቆማለች። ሮቤል አያት፣ ወደዳት፣ ዋጋ ጠየቀ። ፈይሳም ጠራ። ሮቤል «እሺ» አለ። በቃ! እሺ ብሎ እጁን ዘረጋ።

በማግስቱ ሲሄድ «ተይዛለች፣ ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሎባታል» አሉት። መጥቶ ሲነግረኝ እጄን ጭኔ ላይ መታሁ።

«የጠራውን እንዳለ ተቀበልከው?»

«አዎ።»

«ወይ አንተ ሰውዬ! በጠራበት የተገዛ ነጋዴ እንቅልፍ ይወስደዋል እንዴ? አሳንሼ ጠርቼ ነው፣ ወይ የዚህ ሰውዬ ብር ደህና ብር አይደለም ብሎ ሲገላበጥ ነው የሚያድር። ለወጉ እንኳ ትንሽ አትከራከርም?»

ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «እማማ፣ በልጄ ነፍስ ላይ ዋጋ አልከራከርም። ቅናሽ ብዬ ብጠይቅ ከእሷ ላይ የሚቀነስ ይመስለኛል።»

እውነቴን ነው፣ ገበያ ውስጥ አርጅቼ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በኋላ «እንግዲያው አንተ ዝም በል፤ እኔ ልከራከርልህ። ሰው የሌለው ሰው መኪና አይገዛም» አልኩትና ነጩን ቀሚሴን ለብሼ አብሬው ሄድኩ።

ፈይሳን በኦሮምኛ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ስለው ከወንበሩ ተነስቶ «ነጋ፣ እናቴ» አለኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ውኃ አመጡልኝ። የእናቱን ጤንነት ጠየቅኩ፤ ዝናቡን አነሳን፤ የባቱ ቲማቲም እንዴት እንደረከሰ አወራን። ሮቤል ከጎኔ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«ይሄ ምንዎ ነው?» አለኝ ፈይሳ።

«ልጄ ነው።»

ቆቡን አየ፣ እኔን አየ። «ይሄን ደግሞ መቼ ወለዱት?»

«አንተ መኪና ልታመጣ ዱባይ ስትሄድ።»

ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ፈይሳም ሳቀ። «እማማ፣ ዋጋውን እኮ እሺ ብሎኝ ሄዷል።»

«እሱ እሺ ያለህ ለጨዋነቱ ነው። አሁን እናቱ መጥታለች። በል አሳየኝ፤ ቀብድ የከፈለባት ሰው ካለም ጥራውና ልየው።»

ጭንቅላቱን አከከ። ቀብድ የከፈለ ሰው የለም ማለት ነው። መኪናዋን ዞርኳት።

«ይሄ ጎማ ምነው ቀጠነ?»

«ኧረ እማማ! ከዚህ ግቢ ውጪ አፈር አልነካም።»

«በሯ ሲዘጋ ይጮሃል።»

«በር ነዋ! እንደ መጋረጃ በዝምታ ይዘጋ?»

«አዲስ ለመሆኗስ ምን አውቃለሁ?»

«ይኸው፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም» ብሎ ከፊት ያለውን ወንበር መታ ሊያደርግ እጁን ሰደደ፤ ግን አልነካውም፣ መለሰው። ላስቲኩ እውነትም አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። እኛ አገር ላስቲክ ያልተነሳለት ነገር አዲስ ነው፤ እኔም በዚያው አመንኩ።

ዋጋው ላይ ስንደርስ አልወርድ አለ። እኔም የሚደረገውን አደረግኩ፤ ነጠላዬን አጣፋሁና «በል ልጄ፣ ገበያው ሰፊ ነው» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ገዢ ሲወጣ ሻጭ ከኋላ ይጣራል። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ማንም አይጣራም። በሩ ላይ ደረስኩ። ዝም። አስፋልቱ ዳር ቆምኩ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ «እማማ የት ልውሰዶት?» እያሉ ያደነቁሩኛል፤ ፀሐዩ አናቴን ይበሳል። ዞር ብዬ በመስታወቱ ሳይ፣ የኔ ጉድ ሮቤል መኪናዋ አጠገብ ተቀምጧል! መውጣቴ የክርክሩ ብልሃት እንደሆነ አላወቀም፤ ሽንት ቤት የሄድኩ መስሎታል። ገዢው እውስጥ ተቀምጦ ፈይሳ ማንን ይጥራ?

በእፍረት ተመለስኩ። ፈይሳ ሳቁን ሊይዝ ከንፈሩን ነክሷል። «እማማ፣ ገበያው ሰፊ ነበር?» አለኝ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ሮቤል ብቻ አልሳቀም። ከሳቁ በኋላ ግን ደከመኝ፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና የብልጠቱን ነገር ተውኩት።

«ስማኝ ልጄ» አልኩት። «የዚህ ሰውዬ ሚስት መቂ ላይ ምጥ እንደያዛት መኪና ውስጥ ሞታበታለች። አሁን ልጁ ልትወልድ ነው። ሰው ያልሞተበት አዲስ መኪና ነው የሚፈልገው። ሌላ ነገር የለውም።»

የፈይሳ ፊት ሳቁን ጨርሶ ጣለ። ሮቤልን ብዙ አየው። መኪናዋን አየ። «ልጅቷ ወሯ ገብቷል?» አለ በቀስታ። «ሊገባ ነው» አልኩ። ከዚያ ከጠራው ላይ እኔ እንኳ ለመጠየቅ የማልደፍረውን ያህል ቀነሰ። ስንት እንደሆነ ምን ይጠቅማል፤ ብቻ ብዙ ነው። ሽበቴን አይቶ ነው ብዬ ስንት ዓመት ኮራሁበት።

ተጨባበጥን። ሮቤልን ግን «አንዴ ላናግርህ» ብሎ ባለ መስታወቷ ቢሮ ውስጥ አስገባው። ድምፅ አይሰማም፤ ይታያል። ፈይሳ አንገቱን ደፍቶ ያወራል። ሮቤል ቆቡን አወለቀ። ጉንጉኑ ትከሻው ላይ ወረደ። እንዲያ ሆኖ ቆመ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቆም ሰው። አንድ ነገር ጠየቀ፣ ፈይሳ መለሰለት። ከዚያ ቆቡን መልሶ ወጣ።

«ምን አለህ?»

«ስለ ጎማው ነው እማማ» አለኝ።

የወረቀቱ ጣጣ አልቆ መኪናዋን የተረከብን ቀን፣ ከመንዳቱ በፊት ያንን የወንበር ላስቲክ መግፈፍ ጀመረ። ሠራተኞቹ «ኧረ ተው! ይቆሽሽብሃል!» ብለው ጮሁ። እሱ «ይተንፍስ» አለ። ገፈፈው፣ እንደ ጋቢ አጣጥፎ ከኋላ አስቀመጠው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት መዳፉን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። የፈረንጅ ጸሎት ነው አልኩ።

ማንኳኳቱን ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ባቱ ደርሶ በሳምንቱ የቀረ ዕቃውን ሊወስድ እኔ ግቢ መጣ። ሊሄድ ሲል ወደ መኪናዋ ጠጋ አለና በጣቱ አንጓ መስታወቷን አንኳኳ። ኳ፣ ኳ። ጠበቀ። ውስጥ ያለ ሰው «ግባ» እስኪለው የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባ። ሳቅኩ። «የራስህን ንብረት ታንኳኳለህ?» ብለው፣ «ባለቤት ያለው ቤት ነው እማማ» አለኝ። እግዚአብሔርን ማለቱ ነው ብዬ አሜን አልኩ።

ክላክስም አያደርግም ነበር። አስቡት፣ በዚያ መንገድ! ፍየል ይተኛበታል፣ ጋሪ ይቆምበታል፣ ባጃጅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፊት ለፊት ይደነቀራል። እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከኋላ ያለው ሁሉ ይሰድበዋል፤ «ጃማይካ ሙት! ተኝተሃል?» ይሉታል።

የሚርያም ምጥ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ባሏ ነው የነገረኝ። ከባቱ ሲነሱ አንኳኳ። እሺ፣ ለምደነዋል አለ ባሏ። መኪናዋ እንደ ውኃ እየፈሰሰች ስትሄድ፣ መቂን አለፍ ሲሉ፣ እዚያችው ጫልቱ የሞተችባት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሮቤል ራሱ ዳር ያዘና አቆማት። ሚርያም ጮኸች፤ ቦታውን ታውቀዋለች። «አባዬ! ምን ሆንክ?» እሱ ወረደ። በሩን ዘጋ። መንገዱ ዳር ቆሞ በሹክሹክታ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር አለ። ከዚያ መስታወቱን አንኳኳ፣ ጠበቀ፣ ገባ፣ ነዳ። ባሏ «እማማ፣ ያበደ መስሎኝ መሪውን ልቀማው ነበር» አለኝ። አዳማ ደረሱ። ሚርያም በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ስሟን ጫልቱ አሏት።

ለክርስትናዋ ባቱ ይዞኝ ሲሄድ ነው እኔ ራሴ የፈራሁት። ከፊት ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ሙቀቱ፣ የመኪናዋ ልስላሴ፣ እንቅልፍ አዳፋኝ። ድንገት ኳ፣ ኳ የሚል ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ቆመናል፤ ሮቤል ወርዶ በኔ በኩል ዞሮ መስታወቱን በቀስታ ያንኳኳል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማማ፣ ነቁ?»

«ምነው? ምን ሆንኩ?»

«እዚህ ወንበር ላይ አይተኛም። እባክዎ። ከኋላ ይተኙ።»

ከኋላ ሄድኩ፤ እንቅልፌ ግን ሸሸ። ባዶው የፊት ወንበር ላይ ዓይኔን ተክዬ ባቱ ደረስኩ። ለምን እንደሆን እንጃ፣ ባዶ አልመስልሽ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ያረጀ ሰው ብዙ ነገር ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ባቱ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ሮቤልን ትጠራለች። ዓሣ አጥማጅ ተጎዳ፣ ሮቤል። ልጅ ታመመ፣ ሮቤል። ዋጋ አይጠይቅም። መኪናዋም አንድ ቀን መንገድ ላይ አልቆመችበትም። ሕፃናቱ እንኳ ለምደው፣ ሊሳፈሩ ሲሉ ተራ እየተጋፉ ያንኳኩ ነበር። እሱ «በቀስታ! በቀስታ!» ይላቸዋል።

ይኸው እሱም በተራው አረፈ፤ አልጋው ላይ፣ ሚርያም እጁን ይዛ። ስሰማ «እሱ ጫልቱን አላያትም፤ እሱንስ አዩት» ብዬ አለቀስኩ።

ለለቅሶው ባቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ከሐይቁ አቅጣጫ በሚመጣው ንፋስ ይርገበገባል። መኪናዋ ከግቢው ጥግ ቆማለች፤ አሮጌ ሆናለች፣ ግን ታጥባለች። አጠገቧ አንዲት የማላውቃት ጥቁር የለበሰች ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እንደ እህት እንደ ዘመድ ስታለቅስ አየሁ። ውኃ ይዤላት ሄድኩ።

«የሮቤል ምኑ ነሽ እናቴ?» አልኳት።

«እኔ የሞጆ ሰው ነኝ። ይቺ መኪና የልጄ ነበረች» አለችኝ።

አልገባኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጇ ወጣት ነጋዴ ነበር። መኪናዋን ከፈይሳ ገዝቶ ቤቱ ባስገባባት ቀን፣ ከደስታው የተነሳ አልጋውን ትቶ የፊቱን ወንበር ዘርግቶ እዚያው ላስቲኩ ላይ ተኛ። ጠዋት ሲጠሩት አልነቃም። ልቡ ነው አሉ። እሷ መኪናዋን ማየት አልቻለችም፤ ፈይሳም አዘነላትና መልሶ ወሰደላት፤ አጥቦ አቆማት።

«ሻጩ ለጋሽ ሮቤል ነግሯቸዋል» አለችኝ። «‹ሰው ያልሞተበት ነው የሚፈልገው› ሲባል መደበቅ አቅቶት፣ ያኔ ቢሮው አስገብቶ ነገራቸው። ጋሽ ሮቤልም ‹ለእናቴ እንዳትነግራት› አሉት፤ በክርክሯ ደስ ብሏታል ብለው። እርስዎ ኖት አይደል?»

አዎ አልኳት።

«መኪናዋን የተረከቡ ዕለት ቤቴ መጡ። ያንን ላስቲክ አጣጥፈው ይዘው። ልጄ የተኛበትን። እስካሁን አልጋዬ ላይ ነው። ‹የኔ ሚስት የሞተችባት መኪና ሳታደርስ የቆመች ናት፤ ይቺ ግን ልጅዎ ደስ ብሎት የተኛባት ናት። ልጄ ልትወልድ ነው። ልጅዎ ይፈቅድልኝ እንደሆነ ልጠይቅ መጣሁ› አሉኝ። ምን እላለሁ? ውሰዱ አልኳቸው። እግዜር ያድርስልዎ አልኳቸው። ብቻ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድንገት ሲቀሰቅሱት ይደነግጣል። ሳያንኳኩ በሩን አይክፈቱበት፣ ክላክስም አያድርጉበት አልኳቸው።»

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ መኪናዋ ዞረች።

«እኔ እኮ እማማ፣ ያልኳቸው ለዚያን ቀን ነበር።»